ወደ ማንኩሽ የሚልክ ካርታ

ፖከርን የጠላሁት ተምሬው ነው። ከዚያ በፊት ካርታ ስጠላ የእናቴን ጥላቻ ተውሼ ነበር። እናቴ ካርታ የነካ ሰው እጁን ሳይታጠብ ማዕድ እንዲቀርብ አትፈቅድም። አሶሳ ተመድቤ ከመጣሁ በኋላ ግን የራሴን ጥላቻ ከነምክንያቱ አፈራሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማስተምርበት ኮሌጅ በየመንፈቁ ከክፍላችን አንድ መምህር ሩቅ ቆላ ወደሆነችው ማንኩሽ ከተማ ይልካል፤ አንድ ወር ሙሉ የርቀት ተማሪዎችን የሚያስተምር። መንገዱ አድካሚ ነው፣ በሙቀቱ ደግሞ ጠመኔው እንኳ የሚያልበው ይመስላል። መጀመሪያ በተራ ነበር የሚኬደው። ተራው የደረሰው ሁሉ ጾም ነው፣ ሠርግ አለብኝ፣ ደም ግፊት አለብኝ እያለ ሲያፈርሰው አንጋፋው መምህራችን መፍትሔ አመጣ። «በካርታ እንለየው፤ ካርታ አያዳላም» አለ። የተማርን ሰዎች ነን፤ ተስማማን።

ክፍሉ ውስጥ አራት ነን። አንጋፋው፣ ከእሱ ጎን የማይጠፋው የላቦራቶሪ ኃላፊ፣ የበርታ ተወላጅ የሆነው ባልደረባችንና እኔ። የምንጫወተው በመምህራን ክበብ ውስጥ ከሻይ በኋላ ነው። በገንዘብ ሳይሆን በለስላሳ ቆርኪ ነው። ለሁላችንም እኩል ቆርኪ ይታደለናል፤ ቀድሞ ያለቀበት ማንኩሽ ይሄዳል።

ጨዋታውም ተራው ፖከር አይደለም። አንጋፋው ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ለትርጉም ሥራ ሲመላለስ ከአንድ የውጭ ሰው የተማረው ነው። ትልቅ የያዘ ሳይሆን ትንሽ የያዘ ያሸንፋል። አምስት ካርታ ይሰጥሃል፣ የማትፈልገውን አንድ ጊዜ ትቀይራለህ፣ ጥንድም ንጉሥም ከያዝክ ጉድህ ፈላ። ከሁሉ የሚበልጠው ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስትና ሰባት ነው። እኛ አገር ስንት ዓመት ትልቅ ለመያዝ ስንሻማ ኖረን ለዝቅተኛው መጣላት ሲያምረን!

ባለፈው መንፈቅ የተሸነፍኩት እኔ ነበርኩ። ልጄን ጡት ሳላስጥል ለእህቴ ትቻት ሄድኩ። ስመለስ እህቴን «እማ» ስትላት ደረስኩ፤ እኔን አይታ አለቀሰች። ዘንድሮ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ትቻት አልሄድም ብዬ ማልኩ። መማል ብቻም አይደለም፣ አንጋፋውን «አስተምረኝ» ብዬ ለመንኩት። ደስ አለው። ማስተማር የሚወድ ሰው ነው፤ በተለይ ሰው ሲለምነው።

ጎበዝ አስተማሪ መሆኑን አልክድም። «ስሚ እህቴ፣ መጀመሪያ የራስሽን ካርታ ተይው፤ ሰው ስንት እንደሚቀይር ቁጠሪ» ይለኛል። ሦስት የቀየረ ምንም የለውም። አንድ የቀየረ ተስፋ አለው። ምንም ያልቀየረ ወይ ሞልቶለታል፣ ወይ እየዋሸ ነው። «አንዳንዴ ሁለት ንጉሥ ይዘሽም አልቀይርም በይ። ሰው ይፈራሻል» አለኝ። ይህን ሲለኝ ከንፈሩን የሚልሰው ነገር ያኔም አስጠልቶኝ ነበር፤ ግን ጆሮዬን ሰጥቼ ሰማሁት።

ቆይቶ ትምህርቱ ስለ አንድ ሰው ብቻ ሆነ። ስለ በርታው ባልደረባችን። «እሱ አንድ ሲቀይር ቆርኪ ጨምሪበት። እኔና የላቦራቶሪው ኃላፊም እንጨምርበታለን» ይላል። ባልደረባችን ሲደነግጥ በአማርኛ ወንዱንና ሴቱን ያቀላቅላል፤ አንጋፋው ድምፁን እያስመሰለ «አንተ እህቴ ካርታ ስጠኝ» ይልና ብቻውን ይስቃል። «ደግሞ እሱ የዚሁ አገር ሰው ነው፣ ሙቀቱን ለምዶታል» አለኝ አንድ ቀን። ሰውዬው የተወለደው አሶሳ ነው፤ ማንኩሽን እንደኔው በመኪና መስኮት ነው የሚያውቃት። ሚስቱም ልትወልድ ተቃርባ ነበር።

የጨዋታው ቀን ደረሰ። ካርታው ተበወዘ፣ ታደለ። ገና በመጀመሪያዎቹ ዙሮች የሆነውን አየሁ። ባልደረባችን ቆርኪ ሲያስገባ አንጋፋው ይጨምራል፤ የላቦራቶሪው ኃላፊ በአንጋፋው ላይ ይጨምራል፤ አንጋፋው እንደገና። መሃል የተያዘው ሰው ወይ ያለውን ሁሉ ያስገባል፣ ወይ ያስገባውን ትቶ ይወጣል። አንጋፋው በዓይኑ «ግቢ እንጂ» አለኝ። ያኔ ነገሩ ተገለጠልኝ። ባለፈው መንፈቅ መሃል የተያዝኩት እኔ ነበርኩ። ዕድሌ ነው ብዬ ለአንድ ወር ያለቀስኩበት ነገር ዕድል አልነበረም። ሻዩ ራሱ አፌ ውስጥ ሬት ሆነብኝ።

አልገባሁም። ባልደረባችን የገባበትን ዙር ሁሉ ካርታዬን እየጣልኩ ወጣሁ። ከዚያ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስትና ሰባት ከነሕይወታቸው መጡልኝ። «አልቀይርም» አልኩ። ሁለቱ ወጡ፤ አንጋፋው ግን ፈገግ አለ። ያስተማረኝን ውሸት መልሼ የምሸጥለት መስሎት ያለውን ቆርኪ ሁሉ ወደ መሃል ገፋ። እኔም ገፋሁ። ካርታዬን ስገልጥ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ቀድሞ ያለቀበት እሱ ሆነ።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ማንኩሽ መልካም ጉዞ» አልኩት።

«ጨዋታ ነው እኮ!» አለ። ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። «ይህን የመሰለ ቁም ነገር በካርታ ይለያል እንዴ? ኧረ እንፈር!» የላቦራቶሪው ኃላፊም «እውነቱን ነው» አለ። ከክበቡ ሲወጡ ተቃቅፈው ነበር። እንደዚያ ቀን ሰው ተጸይፌ አላውቅም።

በማግስቱ የኮሌጁ ዲን ቢሮው አስጠራኝ። የሚሄደው ሰው ታውቋል፤ እኔ ነኝ። «ቦታውን ታውቂዋለሽ፣ ልምድ አለሽ፤ አንጋፋው ራሱ ነው ያሞገሰሽ» አለኝ። ካርታው በማን ላይ እንደወደቀ ነገርኩት። «የሰማ ሰው አለ? ያየ?» አለ።

ባልደረባችንን ማንጎው ጥላ ሥር አገኘሁት። አብረን ገብተን ያየኸውን ተናገር አልኩት። መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«ሚስቴ ልትወልድ ነው» አለ።

«አውቃለሁ። ለዚህም ነው በአንተ ላይ ያልጨመርኩት።»

«እሱን አይቻለሁ። አላህ ይስጥህ» አለኝ። ሲደነግጥ እንደሚያደርገው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ባለፈው ጊዜ እነሱ ያስተማሩት እኔን ነበር። አንተ አንድ ስትቀይር እንድጨምርብህ ነገሩኝ። እኔም ጨመርኩብህ።»

ጥሎኝ ወደ ክፍል ገባ። እኔም ቤት ሄጄ የልጄን ልብስ ማጠፍ ጀመርኩ። ዘንድሮ አብራኝ ትሄዳለች።