የቬንቲሌተሩ የሥራ ሰዓት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት ውስጥ ነው። የድሬዳዋን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ደግሞ ብነግረውም አያምነኝም። በሥራ ዘመኔ ብዙ የቢሮ ሞኝነት አይቼ አብዛኛውን ረስቻለሁ። ይህን ያልረሳሁት መጨረሻ ላይ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ስለተለያየ ነው። ከእኔ በቀር።

የምሠራው ለአስመጪ ነጋዴዎች የጉምሩክ ሰነድ በሚያዘጋጅ ድርጅት ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ አበባ ነው። የእኛ ቅርንጫፍ ከዚራ የሚባለው ሰፈር፣ ከባቡሩ ዘመን የቀረ አንድ አሮጌ ቪላ ውስጥ ነው። እኔ ውልና ደብዳቤ እተረጉማለሁ። ሙክታር ሰነድ ያዘጋጃል፣ ጉምሩክ ይመላለሳል። ትዕግሥት ሒሳብ ትሠራለች። ሰሚራ አስተባባሪያችን ናት። ሥራው ድሮ ጸሐፊ ይባል የነበረው ነው፤ ስሙ ብቻ አድጓል።

ካቻምና ድርጅቱ ከሳምንቱ ሁለት ቀን ቢሮ፣ የቀረውን ከቤት እንድንሠራ ወሰነ። ሁሉም ሲያጨበጭብ እኔ ተቃወምኩ። ከቤት መሥራት ማለት የቢሮውን ሙቀትና የቢሮውን ጭቅጭቅ ወደ ሠራተኛው ሳሎን ማዛወር ነው አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ለምጄዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ድርጅቱ የሚኖረው በሰሚራ ስልክና ላፕቶፕ ውስጥ ሆነ። የስብሰባውን ሊንክ የምትልክ እሷ፣ የጋራ ቀን መቁጠሪያውን የምትሞላ እሷ፣ ፋይሉ የት እንደገባ የምትጠየቅ እሷ። የአንዳችን ሰፈር መብራት ሲጠፋ ደውላ ስብሰባው ላይ የተባለውን በስልክ የምታሰማውም እሷ ናት። ሙክታርን ማይክ መዝጋት ለማስተማር የፈጀባት ድካም ራሱን የቻለ ሥራ ነበር።

«ሙክታር አቦ፣ ዝጋው! ጎረቤትህ ስለ ፍየሉ የሚያወራውን አዲስ አበባ ድረስ እየሰማን ነው።»

«ወላሂ ዘግቼዋለሁ።»

«ዘግተኸው እንዴት ነው የምትመልስልኝ?»

ሰሚራ እንዲህ ናት። በድሬ ልማድ ሁሉም ሰው አንተና አንቺ ነው፤ እኔን በዕድሜ የአባቷ ታናሽ ልሆን የምችለውን «አንተ ጋሼ» ትለኛለች። ለአዲስ አበባው ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ፍሬው ብቻ «እርስዎ» ለማለት ትጥራለች፤ ስትጥርም ያስታውቃል።

እዚህ ላይ ስለ እናቷ መናገር አለብኝ። እናቷ ስትሮክ መትቷቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ቆይተዋል። ጧት ጧት የሰሚራ እህት ታያቸዋለች፤ ስድስት ሰዓት ሲሆን ቀፊራ ገበያ ወዳለው ሱቋ ትሄዳለች። አክስታቸው የሚመጡት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በመካከል ያለው ጊዜ የሰሚራ ነው። ታበላቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ ልብሳቸውን ትቀይራለች። ይህ ሊሆን የቻለው በከተማችን የሙቀት ወራት ሥራ በማለዳ ተጀምሮ ቀትር ላይ ስለሚቋረጥና ፀሐይዋ ስትበርድ ስለሚቀጥል ነው። ማንም የፈጠረው ዘመናዊ አሠራር አይደለም። ከተማው ሲሠራ የኖረው እንዲህ ነው።

አዲስ አበባ ግን ደጋ ነው። ከዚያው አንድ የሥራ መከታተያ ፕሮግራም መጣ። ላፕቶፓችን ላይ ተጫነ። ከያንዳንዳችን ስም ጎን አንዲት ነጥብ አለች። ማውሱ ሲነካ ነጥቧ አረንጓዴ ትሆናለች፤ ትንሽ ካልተነካ ግራጫ ትሆናለች። የነጥቦቹን ሪፖርት በየሳምንቱ አውጥታ የምትልከው ሰሚራ ናት። በመጀመሪያው ሪፖርት የድሬዳዋ ቡድን ከስድስት እስከ ዘጠኝ ድረስ የሞተ መሰለ። በማለዳ፣ አዲስ አበባ ገና ፊቷን ሳትታጠብ፣ የሠራነውን ፕሮግራሙ አልቆጠረውም፤ ለእሱ ሥራ የሚጀምረው ሁለት ተኩል ላይ ነው።

ሰሚራ ለአቶ ፍሬው ደወለች። እኔም ጎኗ ሆኜ እሰማ ነበር።

«አቶ ፍሬው፣ የቀትር ዕረፍቱን ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቡልን። ለሁለት የተከፈለ ሰዓት ነው የምንሠራው።»

«ሲስተሙ አይቀበልም፣ ሰሚራ። አንድ መግቢያ፣ አንድ መውጫ ነው ያለው።»

«ፀሐይዋስ ትቀበላለች?»

ቀልዱ አልገባውም መሰለኝ። ግራጫ የሆነ ሰዓት እንደ ቀሪ እንደሚቆጠር ነግሯት ዘጋ። ሰሚራ በጊዜያዊ ውል ነበር የምትሠራው፤ ሰኔ ላይ ቋሚ እንደሚያደርጓት ቃል ተገብቶላታል። ቀሪ የበዛበት ጊዜያዊ ሠራተኛ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። እናቷን ደግሞ ቀትር ላይ የሚያይላት ሰው የለም።

እኔ ስለ ቆላ ከተማ የሥራ ልማድ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ። ጥሩ ደብዳቤ ነበር፤ ስለ ሙቀት፣ ስለ ሰው አካልና ስለ ነጋዴዎቻችን ልማድ በሥርዓት ያስረዳል። አቶ ፍሬው በአውራ ጣት ምልክት መለሰልኝ።

ሰሚራ ግን ደብዳቤ አልጻፈችም። በማግስቱ አቶ ፍሬው በሌለበት የአራታችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አጭር ቪዲዮ ላከች። ቤቷ ያለው የቁም ቬንቲሌተር አንገቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል። አንገቱ ላይ ክር ታስሯል። የክሩ ጫፍ ላይ ማውስ አለ። ማውሱ ጠረጴዛው ላይ ሲንሸራተት ይሄዳል፣ ሲንሸራተት ይመለሳል። ነጥቧ አረንጓዴ ናት። ከሥሩ «ቢስሚላህ ብላችሁ እሰሩ» ብላ ጽፋለች።

አሰርን። በድሬዳዋ ቬንቲሌተር የሌለው ቤት የለም፤ በዚያ ሰዓት የሚያጠፋውም የለም። እኔ በጫማ ማሰሪያ አሰርኩ። ሙክታር በሽርጡ ጠርዝ ሞክሮ ማውሱ ተፈትልኮ ግድግዳ እንደመታ ነገረን። በሚቀጥለው ሪፖርት ቡድናችን ከጧት እስከ ማታ አረንጓዴ ሆነ። አቶ ፍሬው ዋናው ግሩፕ ላይ አመሰገነን፤ «በተለይ ጋሽ መስፍን በዕድሜያቸው ሳይገደቡ የሚያሳዩት ትጋት» ብሎ እኔን በስም ጠራኝ። ጋሽ መስፍን በዚያ ሰዓት እርጥብ ፎጣ ደረቱ ላይ አድርጎ ተኝቶ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነው። አንድ እሑድ ግን ከአቶ ፍሬው ይህ መልእክት መጣ። «ከሪፖርቱ እንደተረዳነው የድሬዳዋ ቡድን ያለምንም መቆራረጥ በሥራ ላይ የሚገኘው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በመሆኑም የየዕለቱ የጋራ ስብሰባ ከጧቱ አራት ሰዓት ተዛውሮ ከነገ ጀምሮ ሰባት ሰዓት ላይ ይሆናል።»

እውነቱን ነው። ሰው ይቆራረጣል። ሻይ ይጠጣል፣ ስልክ ያነሳል፣ ያስባል። ቬንቲሌተር አይቆራረጥም። በሪፖርቱ መሠረት በድርጅቱ ውስጥ ከሁሉ የተሻለው ሠራተኛ እሱ ነበር።

ለእኛ ለሦስታችን ጉዳቱ ቀላል ነው። ካሜራ አጥፍተን፣ ማይክ ዘግተን ጋደም እንላለን። ሰሚራ ግን ስብሰባውን የምትከፍተው፣ ሰዎቹን የምታስገባው፣ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው፣ ድምፁ የጠፋበትን የምትረዳው እሷ ናት። ለሌላው መደበቂያውን የምታዘጋጅ ሴት ራሷ የምትደበቅበት አልነበራትም። እናገራለሁ ብትል ደግሞ የቬንቲሌተሩ ነገር ይወጣል። ስለዚህ የስብሰባውን ጥሪ በገዛ እጇ ቀን መቁጠሪያው ላይ ሞላችው።

ጥቂት ቀናት በአንድ እጇ ስልኩን፣ በሌላው ማንኪያውን ይዛ አሳለፈች። አንድ ቀን ግን አቶ ፍሬው በደስታ ስሜት ላይ ነበር። ሁላችሁም ካሜራ ክፈቱ፣ ፊት ለፊት እንተያይ አለ። እኔ ሸሚዝ ፈልጌ ስመለስ የሰሚራ ካሜራ ተከፍቷል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከኋላዋ እናቷ ትራስ ተደግፈው ይታያሉ። አንገታቸው ላይ የመመገቢያ ጨርቅ አለ።

አሮጊቷ ስልኩ ውስጥ የተደረደሩትን ፊቶች አዩና በተኮላተፈ አንደበት በኦሮምኛ ለልጃቸው አንድ ነገር አሉ። ሙክታር ሳቁ አመለጠው።

«እናትሽ ናቸው? ምን አሉ?» አለ አቶ ፍሬው።

«እነዚህ ሰዎች ምሳ በልተዋል ወይ ነው የምትለው» አለች ሰሚራ። «ምሳ ሰዓት ነው እኮ።»

አቶ ፍሬው ክፉ ሰው አይደለም። ያሳዘነኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በእውነት ግራ ገብቶት፣ «ሪፖርቱ ግን በዚህ ሰዓት ነው ከሁሉ በላይ የምትሠሩት ይላል» አለ።

ሰሚራ የእናቷን አፍ ጠረገች።

«በዚህ ሰዓት የሚሠራው ቬንቲሌተሩ ነው» አለች።

«አልገባኝም?»

«ማውሱን ቬንቲሌተር ላይ አስሬዋለሁ። እየዞረ ያንቀሳቅሰዋል። ልታየው ትፈልጋለህ?» ካሜራውን አዞረችው። «እርስዎ» የሚለው ነገር በዚያች ደቂቃ አበቃለት። «እናቴን ማን ያብላልኝ? ዕረፍቱን አስገባልኝ ብዬ ለምኜሃለሁ። ሲስተሙ አይቀበልም አልከኝ። እኔም ሲስተሙ የሚቀበለውን ሰጠሁት።»

አቶ ፍሬው ስብሰባው እዚህ ላይ ይቁም አለ። ስብሰባውን ለመዝጋት ሥልጣኑ ያላት እሷ ነበረችና እሷው ዘጋችው።

በዚያው ሳምንት ማስጠንቀቂያ ደረሳት፦ የሥራ መከታተያ ሥርዓትን ማሳሳት። እኔ፣ ሙክታርና ትዕግሥት ወዲያውኑ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፍን፤ አራታችንም ማውሳችንን አስረን ነበር፣ ማስጠንቀቂያው ለአራታችን ይሁን አልን። የመጣው መልስ አጭር ነው። የሥርዓቱ ኃላፊ አስተባባሪዋ ስለሆነች ጉዳዩ እሷን ብቻ ይመለከታል። እኔማ ማስጠንቀቂያ ቀርቶ በትጋት የተመሰገንኩበት መልእክት እንኳ አልተነሳም። እስካሁን ግሩፑ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው ዛሬም የሚያንገበግበኝ። ስብሰባው ወደ ጧት አራት ሰዓት ተመለሰ። ፕሮግራሙን የሚያውቅ አንድ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ለሰሚራ ደወለና ቅንብሩ ውስጥ ሁለት ቦታ እንድትነካ ነገራት። ነካች። የቀትር ዕረፍቱ ገባ፤ መግቢያውም ወደ ማለዳ ተዛወረ። ሲስተሙ ተቀበለ። ድሮም ይቀበል ነበር። ማንም ከፍቶ አላየውም፣ ለእሷም እስከዚያ ቀን የመክፈቻው ፈቃድ አልተሰጣትም ነበር።

ሰኔ ላይ ቋሚ አልሆነችም። ማስጠንቀቂያ ያለበት ሠራተኛ አይሆንም ተባለ። ጊዜያዊ ውሏ ታደሰ።

በዓመቱ ማጠቃለያ ስብሰባ ላይ ደግሞ አቶ ፍሬው ስለ ድሬዳዋ ቅርንጫፍ ተናገረ። ከአካባቢው የአየር ጠባይ ጋር የተጣጣመ የሥራ ሰዓት፣ ሠራተኛን የሚያዳምጥ አመራር፣ ቴክኖሎጂን ለሰው ማስገዛት። ሰዉ አጨበጨበ። ከጀርባው በስክሪን የሚታዩትን ገጾች ያዘጋጀችው ሰሚራ ናት። ከዚራን ከነጥላማ ዛፎቿ የሚያሳይ የሚያምር ፎቶ ሁሉ አስገብታለች።

ስብሰባው እንዳለቀ ደወልኩላት። በጣም ተናድጄ ነበር።

«እንዴት እሺ ትያቸዋለሽ? አንቺን ቀጥተው በአንቺ ይመሰገናሉ፣ አንቺ ደግሞ ፎቶ ትመርጪላቸዋለሽ?»

«አንተ ጋሼ፣ ቀስ በል፣ ደም ግፊት አለብህ።»

«እኔ እኮ የምጠይቅሽ—»

«ስማኝማ። ስድስት ሰዓት ላይ ላፕቶፑን ዘግቼ እናቴ ጋ እቀመጣለሁ፣ ማንም አይጠራኝም። የፈለግሁት ይሄን ነበር፣ አገኘሁት። ሌላውን አንተ ተናደድልኝ። አንተ ጊዜ አለህ።»

ዓመት ሊሆነው ነው። እሷ በሰላም ሥራዋን ትሠራለች። እኔ ደግሞ የሰጠችኝን ሥራ ያለ ዕረፍት እየሠራሁ ነው።