እት ዘሀራ ጠረጴዛ ስር ያስቀመጥኩት ቤንዚን

ይህን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለመስጊዳችን ሼህም አልነገርኩም። አንተ የምታነበኝ ሰው አታውቀኝም፤ ምናልባት አፌ የተፈታው ለዚህ ይሆናል።

ከሚሴ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ትንሽ ዳቦ ቤት ነበረኝ። አሁንም አለኝ። ከጎኔ፣ በቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ተለይታ፣ እት ዘሀራ ልብስ ትሰፋ ነበር። ባሏ የሞተባት፣ ሙሽሮች ከጨፋ ሮቢት ድረስ የሚመጡላት ሰፊ ናት። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ከሰው ሁሉ ቀድማ ስለ ልጆቼ የምትጠይቀኝ እሷ ነበረች።

አንድ ሰሞን የእሳት አደጋ ቁጥጥር እንደሚመጣ ተነገረን። ያላለፈ ሰው ፈቃዱ አይታደስለትም። ዳቦ ቤቱ ቢዘጋ ልጆቼን ምን ላበላቸው ነው? ስለዚህ ተዘጋጀሁ። የእሳት ማጥፊያ ገዝቼ ሰቀልኩ። ከቦርከና ወንዝ አሸዋ አስመጥቼ በባልዲ ሞላሁ። የጓሮውን በር የዘጉትን የዱቄት ጆንያዎች አነሳሁ። የቀረኝ ቤንዚኑ ነበር። መብራት ሲጠፋ ለጄኔሬተሩ የምጠቀምበትን ቤንዚን በጀሪካን አድርጌ ከምድጃው ጀርባ ነበር የማስቀምጠው።

ወደ ቤቴ ልወስደው አስቤ ነበር። ለልጆቼ ፈራሁና ተውኩት። ይህን ልብ በልልኝ። አላወቅኩም ማለት አልችልም። ለልጆቼ የፈራሁትን ነገር ተሸክሜ እት ዘሀራ ዘንድ ገባሁ።

«ተቆጣጣሪዎቹ እስኪሄዱ ይችን አስቀምጭልኝ» አልኳት።

አሸተተችው። «ምንድን ነው ሰይዴ?»

«የሞተር ዘይት ነው። እሳት አይዝም።»

«ቶሌ፣ አንተ ካልክ» አለችና ጨርቅ ከምትቆርጥበት ጠረጴዛ ስር አስገባችልኝ።

ቁጥጥሩን አለፍኩ። ሰዎቹ እጄን ጨብጠውኝ ሄዱ። ጀሪካኑን በዚያው ሰዓት ማንሳት እችል ነበር። ለምን አላነሳሁም? ተመልሰው ቢመጡስ ብዬ ነዋ። በማግስቱ በደጇ ሳልፍ አየሁት። አይቼ አለፍኩ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። እት ዘሀራ የሙሽራ ቀሚስ ለማድረስ ቸኩላ በከሰል ካውያ ትተኩስ ነበር። ከካውያው ፍም ወደቀ። የጀሪካኑ ክዳን ላላ ያለ ነበር፤ በደንብ ያልከደንኩት እኔ ነኝ። ጩኸቷን ስሰማ ያን የገዛሁትን ማጥፊያ ነጥቄ ሮጥኩ። ጎረቤቱ በውሃና በአሸዋ እስኪደርስ እሷን ጎትቼ አወጣኋት። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። ጀሪካኑ ቀልጦ ስለነበር የጠየቀ የለም።

ሆስፒታል ልጠይቃት ሄድኩ። ሁለቱም እጆቿ በፋሻ ተጠቅልለዋል። እኔን ስታይ አለቀሰች።

«የኔ ካውያ ነው። ያንተንም ዘይት ፈጀሁብህ፣ ግድግዳህንም አጠቆርኩብህ። አፉ በለኝ ሰይዴ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ምን አልኩ? «አፉ ብያለሁ» አልኳት። አዎ፣ ያቃጠልኳትን ሴት እኔ ይቅር አልኳት። ከእሳቱ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ቃል ነው።

ጣቶቿ ከዚያ በኋላ መርፌ አልያዙም። ሱቋን ለቃ ባቲ እህቷ ዘንድ ገባች። የሰፈሩ ሰው ስሟ በተነሳ ቁጥር «ጥንቃቄ የላትም ነበር» ይላል። እኔም አብሬ ተቀምጬ እሰማለሁ።

አንዴ በገበያ ቀን ልነግራት ባቲ ሄድኩ። በእህቷ ደጅ በርበሬ ትሸጣለች፤ ጣቶቿ ስለማይታጠፉ የሚሰፍረው ገዢው ራሱ ነው። አይታኝ ደስ አላት። መቀመጫዋን ለቀቀችልኝ። ልጆቼን በየስማቸው ጠየቀችኝ።

«አንቺስ ደህና ነሽ?» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ። ከሰል ብቻ አልነካም። ሰው ሲያቀጣጥልም ከቤት እወጣለሁ። እኔ እንደሆን ራሴን አላምነውም።»

ራሷን ማመን ያሳጣኋት እኔ ነኝ። አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ ይመለስላት ነበር። አልወጣም። በርበሬ ገዝቼ ወደ ከሚሴ ተመለስኩ።

ችግር ነው ያስደረገኝ አልልም። ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው ማለትማ እፈራለሁ። የሰውን ሐቅ ባለቤቱ ካልተወው አላህም አይምረውም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የሐቁ ባለቤት እት ዘሀራ ደግሞ ምን እንደምትተውልኝ እንኳ አታውቅም። እሷ አውቃ እስክትፈርድብኝ ድረስ፣ አንተም ይቅር አትበለኝ።