የአመሻሽ አረንጓዴ ነጥብ

በኳስ ማናጀር ጌም የተሸነፈ ሁሉ «ቡድኔን አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጀምር» ሲል ደሜ ይፈላል። ገዝተህ፣ አሰልጥነህ፣ አበላሽተህ ስታበቃ አንድ ቁልፍ ነክተህ ንጹሕ ልትሆን? አቦ ተወኝ!

በስልካችን የምንጫወተው ሊግ ውስጥ አምስት የሳቢያን ሰፈር ልጆች ነን። አንደኛው፣ የልብ ጓደኛዬ፣ ባሕር ሊሻገር በጅቡቲ በኩል ከወጣ ወራት አልፈዋል። ቁጥሩ አይሠራም። ግን በየቀኑ አመሻሽ ላይ ከቡድኑ ስም አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች፤ ገብቷል ማለት ነው። ባየኋት ቁጥር «የት ነህ? ደህና ነህ?» ብዬ እዚያው ጌሙ ላይ እጽፍለታለሁ። መልስ የለም። ቡድኑም በየሳምንቱ ይሸነፋል፤ የተጎዳ ተጫዋች እንኳ አይቀይርም። እሱ እንዲህ አልነበረም። ሥራ በዝቶበት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ነጥቧ ግን ሰላም አትሰጠኝም፣ ዝም ብላ የምታየኝ ይመስለኛል።

ሌሎቹ ሊጉ ከዜሮ ይጀመር አሉ። ጌሙ የሁላችንንም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያልተስማማነው እኔና እሱ ብቻ ነን። «ኦንላይን ሆኖ ዝም የሚለን ንቆን ነው» አሉ። ንቀቱን እንኳ ወደድኩት፤ የሚንቅ ሰው በሕይወት አለ።

ከሄደ ጀምሮ እናቱን እሸሻት ነበር። ምን ይዤ ልሂድ? አሁን የምሥራች ያለኝ መሰለኝና ቀፊራ ገበያ፣ ቅመም ወደምትሸጥበት ሄድኩ።

«እናቴ፣ አብሽሪ፣ ልጅሽ አለ! በየቀኑ ጌሙ ላይ ይገባል» አልኳት።

ከእርዱ ከረጢት ኋላ የእሱን ስልክ አወጣች።

«እኔ ነኝ የምገባው» አለች። «መንገድ ላይ ይቀሙኛል ብሎ ሲሙን ብቻ ይዞ ሄደ። ‹ቡድኔ እንዳይሰረዝ በየቀኑ እዚህ ጋ ንኪልኝ፤ ስደርስ እዚሁ ላይ እጽፍልሻለሁ፣ ሲጮኽ ሰው ያንብብልሽ› አለኝ። ዕቃዬን ስሰበስብ በጎረቤት ሱቅ ዋይፋይ እነካለታለሁ።»

ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ።

ስልኩን አቀበለችኝ። «ደግሞ ጽፏል፣ ወላሂ! አመሻሽ ላይ ይጮኻል። ማንበብ አልችልም፤ ክፉ ነገር እንዳይሆን ፈርቼ ለማንም አላሳየሁም። አንተ ወንድሙ ነህ፣ አንብብልኝ።»

መልእክቶቹን ከላይ እስከ ታች አየኋቸው። ሁሉም የእኔ ነበሩ።

መዋሸት አማረኝ፤ አልቻልኩም። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኳት። በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። እሷ አላለቀሰችም፣ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ገበያው እንደወትሮው ይንጫጫል።

ቆይታ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጥያቄ በጣቷ አሳየችኝ። «ይሄስ ምን ይላል?»

«ሁሉም ቡድን እንደ አዲስ ይጀምር ወይ ነው የሚለው።»

«ከዚያ የሱ ምን ይቀራል?»

«ስሙ ብቻ።»

«ስሙማ እኔም ጋ አለ» አለች። «የሠራውን አትንኩብኝ።»

«አይ» የሚለውን ነካሁላት። ልነሳ ስል እጄን ያዘችኝ።

«መጻፉን አትተው። አንተ መሆንህን ባውቅም፣ ሲጮኽ ደስ ይለኛል።»

ስለዚህ ዛሬም አመሻሽ ላይ «የት ነህ?» ብዬ እጽፋለሁ። ነጥቧም ትበራለች። የማን ጣት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ስትበራ፣ ለአንድ አፍታ፣ ሁልጊዜም እሱ ነው እላለሁ።