መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ በስልሳ ሜትር ከፍታ

የግንባታው ሠራተኞች «አሞራው» ይሉታል። ክሬን ነጂ ነው። ጠዋት ስልሳ ሜትር መሰላል ወጥቶ፣ እግር ከማያስዘረጋ የብረት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥና ማታ ይወርዳል። እስከዚያው የሚያዋየው የመገናኛ ራዲዮኑ ብቻ ነው። ታች ኮንክሪት እስኪዘጋጅ ሲጠብቅ ብስኩት ይቆረጥማል፣ ለስላሳ ይጠጣል። ርቦት አይደለም፤ እጁ ሥራ ሲፈታ አፉ ሥራ ይጀምራል።

በዚህ ሥራ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ክብደቱ መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ ገባ። የግንባታው የሥራ ደህንነት ኃላፊ ጠርቶት፣ «መሰላሉን ስትወጣ ሦስቴ ታርፋለህ። በሁለት ወር ከመቶ አሥር በታች ካልወረድክ መጋዘን ነው የምመድብህ» አለው።

አሞራው ሳጥኑን አይወደውም ነበር። ግን ሌላ ሙያ አልነበረውም።

ሆዱን አሰረ። ጠዋት ባዶ ሻይ፣ ማታ ቅቅል ጎመን። ባለቤቱ ሁለት ቀን አይታው በሦስተኛው፣ «አንተ ሰውዬ፣ የምትቀንሰው ክብደትህን ነው ዕድሜህን?» አለችው። እሱ ግን አልሰማትም፤ በሳምንቱም አራት ኪሎ ወረደ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ረፋዱ ላይ፣ የብረት እስር አንጠልጥሎ ሳለ ዓይኑ ብዥ አለበት። እንደምንም ጭነቱን መሬት አሳረፈ። በሩን ከፍቶ ወደ ታች አየና መልሶ ተቀመጠ።

«ምነው ቆምክ?» አለ በራዲዮ ከታች ጭነቱን የሚመራው ምልክት ሰጪ፣ በዕድሜ የገፋ ቀጭን ሰው።

«መውረድ አቃተኝ።»

«ምን በልተሃል?»

«ሻይ ብቻ።»

ምልክት ሰጪው ምሳውን በጀርባው አዝሎ ወጣ። ሳጥኑ ሁለት ሰው ስለማይችል መሰላሉ ላይ ቆሞ ዳቦና እንቁላል አቀበለው። አሞራው አፍሮ፣ አንገቱን ደፍቶ በላ። ከዚያ በቀበቶ ተያይዘው አንድ አንድ እርከን ወረዱ። አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። በማግስቱ የደህንነት ኃላፊው ሁለት ወሩን ሳይጠብቅ መጋዘን መደበው።

ክሊኒክ የምትሠራ ታላቅ እህቱ ሰምታ መጣች።

«ወንድምዓለም፣ እህል ጠላትህ አይደለም» አለችው። «ቁርስ ሳትበላ አትውጣ። ምሳህን ተቀምጠህ ብላ። ለጊዜው ለስላሳውን ብቻ ተው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ዕድሜ ልክህን የማትችለውን ነገር አትጀምር።»

መስኮት በሌለው መጋዘን ብሎንና ሚስማር እያደለ ከረመ። በመጀመሪያው ወር አንድ ኪሎ ቀነሰ፤ በሁለተኛው ምንም። ሚዛኑን አንስቶ ሊወረውር ሲል ባለቤቱ ከእጁ ወስዳ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ማዕዱን ግን ለሁለቱም አንድ አደረገችው፦ ግማሹ አትክልት፣ ሌላው እንደ ወትሮው። ቀስ እያለ ብስኩቱም ቀረ። በአሥራ አራተኛው ወር እህቱ ክሊኒክ ሲመዘን መቶ አምስት ኪሎ ገባ።

የእሱን ክሬን ሌላ ሰው ስለያዘው፣ ከከተማው ማዶ ባለ ግንባታ ሌላ ተሰጠው። መሰላሉን አንዴ ብቻ አርፎ ወጣ። ሳጥኑ ግን ያው ሳጥን ነው፤ ቀኑም ያው ረጅም ቀን። ሥራ ሲቀዘቅዝ እጁ ዛሬም ኪሱን ይዳብሳል። አንዳንድ ቀን ይሸነፍና የገዛውን ብስኩት ሁሉ ይጨርሳል። ያን ዕለት ቤት ገብቶ ለባለቤቱ ይነግራታል። እሷም «እራትህን ብላ» ትለዋለች።