የይርጋነሽ «የወንድም ልጅ»

ቢቸና ውስጥ ይርጋነሽ ጨው ታበድረኛለች ብሎ በሯን ያንኳኳ ሰው እንኳ ማን እንደ ላከው ሳይናገር አይገባም። ክፉ ሆና አይደለም። በስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ አባቷ ከገበያው በላይ በኩል ያለውን ያከራዩትን ቤት «ልጆቼ ናቸው የሚኖሩበት» ብለው ሊያተርፉት ሲሟገቱ፣ ተከራዩ የኪራይ ውሉን ከኪሱ መዥረጥ አድርጎ ለቀበሌው ሊቀ መንበር ሲያቀብል ቆማ አይታለች። የቀራቸው የሚኖሩበት ግቢ ብቻ ነበር። «ወረቀት ቤት ይበላል» የምትለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ስጦታው የሚባል የሞጣ ልጅ ቢቸና መምህር ሆኖ ተመደበና የጓሮዋን ቤት ሊከራይ መጣ።

«እትዬ፣ ውል እንጻፍ እንጂ» አላት። «ሕጉም በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት ነው የሚለው።»

«ገና ጓዝህን ሳታወርድ ምስክር አማረህ?»

«ለሁለታችንም ይበጃል ብዬ ነው።»

«ላከራይም ለተከራይም የሚበጅ ነገር እኔ አይቼ አላውቅም። ከገባህ እንዲህ ነው፤ ሰው ሲጠይቅህ የወንድሜ የእንዳለው ልጅ ነኝ ትላለህ።»

እንዳለው በወጣትነቱ ሞጣ ወርዶ እዚያው የሞተ ወንድሟ ነው። ልጅ እንዳልነበረው የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ስጦታውም ቤት ቸግሮት ስለነበር እያፈረም ቢሆን እሺ አለ። በእንዳለው መታሰቢያ ቀን የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደ ሰንበት እጁን ጨብጠው «ያጥናህ ልጄ፤ ቁርጥ አባትህን ነህ» ሲሉት አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ።

ይርጋነሽ ግን ዓይኗን አልነቀለችበትም። የላላውን አጥር ሲያጠብቅ አይታ፣ «ሊሄድ ያሰበ ሰው አጥር አያጠብቅም» አለች በልቧ። ጌሾ ሲተክልማ እንቅልፍ አጣች። ጌሾ የተከለ ጠላውን ሊጠጣ ነው። ከሞጣ ዘመድ ሲመጣለት በርበሬዋን ይዛ በመስኮቱ ሥር ታሰጣለች።

ሚሊኒየሙ ባለፈ ማግስት ከማዘጋጃ ቤት ይዞታ መዝጋቢዎች መጡ። ድንበር እንዲያሳዩ የተጠሩት ጎረቤት እኒያው አቶ ወልደ ሰንበት ነበሩ።

«ድንበሩ ይኸው ነው» አሉ። «ወራሾቹ ሁለት ናቸው፣ እሷና ሟች እንዳለው። የጓሮው የዚህ የልጁ ነው፤ ያው ተቀምጦበት የለም?»

የአጥሩም የጌሾውም ምክንያት ለይርጋነሽ ያን ጊዜ ተገለጠላት። አንድ ቃል ከስጦታው አፍ ከወጣ የግቢው እኩሌታ ሄደ።

መዝጋቢው ወደ ስጦታው ዞረ። «የእንዳለው ልጅ ነህ?»

ስጦታው አንዴ እሷን አየና «አይደለሁም። ተከራይ ነኝ» አለ።

«የኪራይ ውልህን አሳየኝ።»

«የለኝም።»

አቶ ወልደ ሰንበት ራሳቸውን ነቀነቁ። «አስፈራርታው ነው። አንቺ ሴት፣ የሙት ልጅ ድርሻ አይቆረቁርሽም?»

መዝጋቢው ክርክር ያለበትን አልጽፍም፣ ተነጋግራችሁ ጠብቁኝ ብሎ ሄደ።

ይርጋነሽም የሸሸችውን ወረቀት ራሷ ፍለጋ ወጣች። ፍርድ ቤቱ ደጅ ያለው ራፖር ጸሐፊ ውሉን ጻፈላት። ምስክር ግን ጠፋ፤ የለመነችው ሁሉ «የሙት ልጅ መንቀያ ላይ አልፈርምም» ይላታል። ሌላ መንገድ ስታጣ እድሩ በተሰበሰበበት ተነሥታ ቆመች።

«እንዳለው ልጅ አልነበረውም። ዋሽቻችኋለሁ።»

«ለምን ብለሽ?» አሉ አቶ ወልደ ሰንበት።

«ቤቱ ተከራይቷል ከተባለ ይወሰዳል ብዬ፤ እንደ አባቴ ቤት።»

ያን ዘመን ያላየ ሽማግሌ ከተሰበሰበው መካከል አልነበረም።

«ታዲያ እኔ ቁርጥ አባትህን ነህ ያልኩትስ?» አሉ አቶ ወልደ ሰንበት።

«ዓይንዎን ይታዩ» አላቸው አንዱ፤ ተሳቀ። እሳቸውም እያጉረመረሙ ፈረሙ፤ አጠገባቸው የነበረው ሁለተኛ ምስክር ሆነ።

ይርጋነሽ ውሉን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተች። ለምን እንዲያ ቶሎ እውነቱን ተናገረ? ምን አስቦ ይሆን? እያለች ዘንቢሏን አንጠልጥላ ስትሄድ ስጦታው ከኋላ ደረሰባት።

«አክስቴ፣ ዘንቢሉን ልያዝልዎት» አለ፣ በለመደ አፉ።

ማን እንደ ሰማ ግራ ቀኙን አየች።

«ወይዘሮ ይርጋነሽ በለኝ» አለችው ዘንቢሉን እያቀበለችው። «ውሉ ላይ የተጻፈው እንደዚያ ነው።»