የፎቶ ማሳያዬ እውነተኛ ስም

«መስቀል ወጣ!» ብለው አማተቡ እትዬ ዘውዴ፣ አንገታቸውን ወደ ኮምፒውተሬ አስግገው።

እትዬ ዛሬ ከገሳይ መንደር ወደ ፎቶ ቤቴ የመጡት የልጃቸውን የሠርግ ፎቶ ሊመርጡ ነው። ለደንበኛ ብዬ ሁለተኛ ስክሪን ገዝቻለሁ፤ ፎቶው ግን ሁሌ የሚከፈተው በእኔ በኩል ነው።

«በደንበኛው በኩል ተከፈት» ብዬ ኮምፒውተሬን የሚያሠራውን ሊኑክስ ካዘዝኩት ቆየሁ፤ አልሰማ አለኝ እንጂ። ለካ የፎቶ ማሳያውን የምጠራው አናቱ ላይ በተጻፈው ስም ኖሯል፤ እሱ ደግሞ ፎቶው በተቀየረ ቁጥር ይቀየራል። (ጠበል ልረጨው ትንሽ ነው የቀረኝ።)

ዛሬ ኤክስፕሮፕ የምትባለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። የማውሱ ቀስት መስቀል ሆነ፤ ማሳያውን ስነካው የማይቀየር ስሙን ነገረኝ። ኢኦግ!

በዚያ ስም ባዘው፣ ሙሽራዋ በእትዬ ስክሪን ላይ ቦግ አለች። እልልታቸው ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰበ።

ነገሩን ሳስረዳቸው ሳቁብኝ። «ቄሱስ ሲያቆርቡን በክርስትና ስማችን አይደል የሚጠሩን? ምነው ቀድመህ ብትጠይቀው!»

ፎቶ መርጠው ሲወጡ እኔን ረስተው ስክሪኑን ተሰናበቱት፦ «ደህና ዋል፣ ኢኦግ!»

እስኪ እናንተም አውሩኝ፤ አልታዘዝ ያላችሁ ማሽን በመጨረሻ በምን እሺ አላችሁ?