ይታይሽን በእግሯ ያቆማት ጨው

በዚያ ቀን ማሳው ላይ የነበርነው እኔ፣ ልጄ ይታይሽ፣ ታላቅ ወንድሟ ሞላ፣ ጎረቤቴ ስንዱ ከነምራቷ፣ እንዲሁም በመንገድ ሲያልፉ ጎራ ያሉት የነፍስ አባታችን አባ ጥበቡ ነን። ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን ነው። ይጁቤ አጠገብ በወንፈል ጤፍ እናርም ነበር።

ይታይሽ አረሙን ልትጥል ከተቀመጠችበት ብድግ አለች። ወደቀች። አልተሰናከለችም። ለመደገፍ እጇን እንኳ አልዘረጋችም። ፊቷን ከጭቃው ውስጥ አወጣሁት። ሞላ አስተኛት። ስትተኛ ዓይኗን ገለጠች። ቀና ስናደርጋት እንደገና ጠፋች።

እንዲህ ያለ ሕመም ቤታቸው የገባባቸው ሰዎች እንዲያውቁት ምልክቱን በደንብ ልጻፈው። ከዚያ ቀን በፊትም ነበረ፤ እኛ ግን እያንዳንዱን ለብቻ አየነው። ክረምት ሆኖ ፀሐይ ሳይኖር ቆዳዋ ጠቆረ፤ ይልቁንም የጣቶቿ አንጓ፣ የመዳፏ መስመርና ድዷ። ከሳች፤ እህል አስጠላት። ጨው ግን ለብቻው ትበላ ነበር። አንድ ቀን የከብቶቹን አሞሌ ስትልስ ሞላ አገኛትና፣ «እማ፣ ሦስት ላም ነበረሽ፤ አራት ሆነልሽ» ብሎ ሳቀባት። «አንተም በሬ ነህ፤ ሂድና እረስ» አለችው። ስንዱ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ልጅቱ አርግዛ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ፈርቼ ይታይሽን ጠየቅኋት። አለቀሰች።

ማሳው ላይ ከወደቀች በኋላ ጠበል ወሰድናት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመች፣ ጥሬ ብቻ እየቀመሰች ሰነበተች። ባሰባት። አስመለሳት። መቆም አቃታት። ቀጥሎም መቀመጥ። አባ ጥበቡ መጥተው አዩአት። «ደብረ ማርቆስ ከጣሊያኑ ሐኪም ውሰጃት። ባንዳ የሚልሽ ቢመጣ፣ አባ ጥበቡ ናቸው ያዘዙኝ በይ» አሉኝ።

ሞላና የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸከሟት። ሐኪሙ ክንዷን በጨርቅ ጠቅልሎ ጎማ እየነፋ የደም ግፊቷን ለካ። ከዚያ ሞላ ደግፎ አቆማት፤ ሐኪሙ ዳግመኛ ለካና ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ሞላን ራሱን እንዲተኛ አዘዘው። «እኔ ደግሞ ምን ሆንኩ?» አለ ሞላ። ተኝቶም ቆሞም ተለካ። የሐኪሙን ቃል አስተርጓሚው እንዲህ ብሎ ነገረኝ፦

«ጤነኛ ወጣት ሲነሳ ደሙ ወደ እግሩ ያዘነብላል። ሰውነቱ ቶሎ ብሎ የደም ሥሩን ያጠብቃል። ከኩላሊት በላይ ያለችው ትንሽ እጢም በደም መልእክት እየላከች ጨውና ውሃው እንዳይባክን ታደርጋለች። ወንድሟ ደህና ነው፤ ሁሉም ይሠራለታል። የእሷ እጢ ግን ደክማለች። በሰውነቷ ያለው ጨው በሽንት ይወጣል፤ ግፊቷም ይወርዳል።»

እጢዋ አድሬናል፣ መልእክቱም ሆርሞን እንደሚባል ያወቅሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ሐኪሙ ከከብት እጢ የተጨመቀ መድኃኒት በመርፌ ወጋት፤ ጨው በውሃ እየበጠበጥን በየቀኑ እንድናጠጣትም አዘዘ። «ጨው ከተቋረጠባት ትሞታለች» አለኝ አስተርጓሚው። ሞላ መድኃኒቱ ከከብት መሆኑን ሲሰማ፣ «ዘመዶችሽ ደረሱልሽ» አላት። ይታይሽ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለች።

ቤታችን ከተመለስን በኋላ ተኩሱ በዛ፤ መንገዱም ተዘጋ። ደብረ ማርቆስ መግባት ስላልተቻለ መርፌው ቀረ። ከገበያ ጨው ጠፋ። ከጎረቤት የለመንኩትም አለቀ። ይታይሽ እንደገና ተኛች። ደጀን ከተማ ጨው እንዳለ ሞላ ሰማ። አትሂድ አልኩት።

«እሷ ተኝታ እኔ ቆሜ ልያት?» አለኝ።

ሄደ።

ጨው መጣ። ሞላ አልመጣም።

አሞሌውን ያመጣችልኝ አንዲት የሉማሜ ሴት ናት። በእሱ ጋቢ ተጠቅልሎ ነበር። የጣሊያን ወታደሮች ሉማሜ መንገድ ላይ ወጣቶችን አሰልፈው ጭነት የሚሸከምላቸውን ጤነኛ ጤነኛውን ይመርጡ ነበር አለችኝ። ሞላን ወዲያው ለዩት። ጥቅሉን እጇ ላይ ጥሎ፣ «ይጁቤ፣ ለእህቴ» ብቻ አላት። ወደ ዓባይ በረሃ ነዷቸው።

ይታይሽ ያንን ጨው እየጠጣች በመጀመሪያ ተደግፋ ተቀመጠች፣ ቀጥሎ ግድግዳ ይዛ እስከ ደጃፍ ሄደች፣ ጣሊያን ለቆ መንገዱ ሲከፈትም በራሷ እግር ገበያ ወረደች፤ ኋላም ኮርቲዞን የሚባል ክኒን አዲስ አበባ እንደተገኘ ሰምተን ወስጃት፣ እሱን በየቀኑ እየዋጠች ይኸው ከቤቴ አጠገብ የራሷን ጎጆ ይዛለች። ጨው የምበጠብጥላት እስከ ዛሬ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አላምንም። ማንኪያው ብርጭቆውን ሲመታ በር የተንኳኳ ይመስለኛል። አንዳንዴ ሄጄ እከፍታለሁ።

አባ ጥበቡን፣ አስተርጓሚውን፣ ስሟን እንኳ ያልጠየቅኋትን የሉማሜ ሴት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐኪሙንም አመሰግናለሁ፤ ልጄን የነዱት የአገሩ ሰዎች ቢሆኑም።

ልጃችሁ ሲነሳ ራሱን የሚያዞረው፣ ቆዳው ያለ ምክንያት የሚጠቁር፣ ጨው የሚያምረው ከሆነ ሰው የሚለውን ትታችሁ ሐኪም አሳዩት። በራሳችሁ ግምት ጨው አትስጡ፤ የደም ግፊቱ ከፍ ላለ ሰው ጨው ጠንቅ ነው። ሐኪም ያዘዘለትን ክኒን አንድ ቀንም አያቋርጥ። ካስመለሰው ቤት አታቆዩት። ስለ ጾሙ የነፍስ አባቱን ያማክር። ሲነሳም ቀስ ይበል።

አንድ ነገር ልለምን። በዚያ ዘመን ከሉማሜ ወደ ዓባይ በረሃ ጭነት ተሸክሞ የወረደ፣ ወይም የወረዱትን ያየ ሰው ካለ፣ የይጁቤው ሞላ የት እንደደረሰ ይንገረኝ። ሞቶም ከሆነ የተቀበረበትን ይንገረኝ።